ወገን በዕጣ

የጅማ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው፤ ራሴንም ጭምር።

በቀደም ፈረንጅ አራዳ አንድ ቡና ቤት ሁለት ወጣቶች ስለ ከተማችን መሬት ጉዳይ ይከራከሩ ነበር። አንደኛው ነገሩን ጀምሮ ሳይጨርስ ሌላው «አንተማ ይህን ብትል አይገርምም፤ የእነማን ልጅ እንደሆንክ እናውቃለን» አለው። ልጁ ዝም አለ። በዕድሜ የምንበልጠው ምን አደረግን? ሳቅን።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ እርሻ ኮሌጅ ስማር ክርክር እንወዳደር ነበር። ወገን የሚለየው በዕጣ ነው። አንድ ጊዜ ርዕሱ «ገበሬው የጓሮ ቡናውን ነቅሎ በምርጥ ዘር ይተካ ወይስ አይተካ?» የሚል ሆነ። በፈረንጆች 1971 ሲቢዲ የምንለው የፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ቡናውን ፈጀው፤ እዚሁ ጅማ መልኮ የምርምር ማዕከል ያሉት ተመራማሪዎችም በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች እየፈለጉ መረጡ። 74110 እና 74112 ከእነዚያ ናቸው፤ 74ቱ የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው። እኔ ለእነዚህ ቁጥሮች የምምል ልጅ ነበርኩ። ዕጣው ግን የነባሩ ቡና ጠበቃ አደረገኝ!

ተናድጄ፣ መከራከሪያ ፍለጋ ከጅማ ወጣ ብሎ ወዳለው ሰቃ ወረድኩ። አንድ አዛውንት ገበሬ ጓሯቸውን እያዞሩ አሳዩኝ፤ ይህ ቀድሞ ይደርሳል፣ ያ ዘግይቶ፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ይተርፋል። «ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጌ በሽታው መንገዱን ያወቀ ቀን ምን ልበላ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም።

በውድድሩ ተሸነፍኩ። ሕጋችን ከመመለስህ በፊት የባላጋራህን ነገር እሱ «አዎ፣ ይህን ነው ያልኩት» እስኪል መድገም ነበር፤ ያ ልጅ የኔን ነጥብ ከእኔ አሳምሮ ደገመና ከዚያ አፈረሰው። ማታ ሻይ የጋበዘኝም እሱ ነው። አያቶቻችን እኮ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በዛፍ ጥላ ሥር የተሟገቱ ናቸው፤ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም።

እናንተ ግን ፌስቡክ ላይ የሰውዬውን ስም አይታችሁ ትፈርዳላችሁ፤ ጽሑፉን አታነቡም። ልጆቻችሁን ቤት ውስጥ «አትመልስ፣ ዝም በል» እያላችሁ ታሳድጉና ውጭ ወጥተው ድንጋይ ሲያነሡ «ከየት ተማሩት?» ትላላችሁ። ያን ቀን ከሳቅነው መካከል አስተማሪ ነበረ፣ የሃይማኖት አባት ነበረ፣ እኔም ነበርኩ። አንዳችንም «ልጄ፣ መጀመሪያ ያለውን ድገምለት» አላልንም።

እሑድ ከሰዓት እዚያው ቡና ቤት እገኛለሁ። ሁለቱንም ልጆች አስጠርቻለሁ፤ የተጠቀለሉ ሁለት ቁራጭ ወረቀቶችም በኪሴ ይዣለሁ።