ክርክር፦ ኔጌቲቭ ቁጥር በዱቤ ደብተር ወይስ በሕግ?

የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ሒሳብ ላይ ከሚንገዳገዱባቸው ቦታዎች አንዱ የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ኢንቲጀሮች (ከዜሮ በላይና ከዜሮ በታች የሆኑ ሙሉ ቁጥሮች) ስሌት ነው። ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «ተማሪው መጀመሪያ በሚያውቀው ነገር ይማር፣ ሕጉ በኋላ ይምጣ» የሚል ነው። ደጋፊው ደሴ ላይ ተማሪዎችን የሚያስጠና ወጣት ነው። ተቃዋሚዋ ኮምቦልቻ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሒሳብ ያስተማሩ መምህርት ናቸው። ተራ በተራ ጽፈዋል።

ደጋፊ፣ ከደሴ

እስቲ የአንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ደብተር ልግለጥላችሁ። ጥያቄው 12 − 17 ነው። መልሱ 5 ተብሎ ተጽፏል። ቀጥሎ −7 + 3 አለ፤ መልሱ −10። ከሥሩ −3 − 5፤ እዚህ ደግሞ +8።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። እንዲያውም ሦስቱም ስህተት ውስጥ የተማረው ነገር አለ። 12 − 17 ላይ 5 ያለው ታች ክፍል «ከትንሽ ላይ ትልቅ አይቀነስም» ስለተባለ ነው። ስለዚህ ገልብጦ ቀነሰ። −7 + 3 ላይ የመደመር ምልክት አየ፣ ደመረ፣ ፊት ያገኘውን ምልክት ለጠፈበት። −3 − 5 ላይ ደግሞ «ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ፖዘቲቭ» የምትለው ዜማ ትዝ አለችው። ዜማዋ የማባዛት እንጂ የመቀነስ አለመሆኗን ማን ይንገረው?

አሁን ይህንኑ ልጅ ሰፈሩ ያለ ሱቅ ውሰዱት። «የ7 ብር ዱቤ ያለበት ሰው 3 ብር ቢከፍል ስንት ይቀርበታል?» በሉት። 4 ብር ይላችኋል፣ ሳያስብ። «3 ብር ያለበት ሰው የ5 ብር ዕቃ በዱቤ ቢጨምርስ?» 8 ብር አለበት። (በ5 ብር ዛሬ ምን ይገዛል አትበሉኝ፤ ለስሌቱ ነው።) −7 + 3 እና −3 − 5 ማለት እነዚሁ ናቸው። ልጁ ያውቃቸዋል። የማያውቀው ደብተሩ ላይ ያሉት እነሱ መሆናቸውን ነው።

ኳስ የሚወዱት ደግሞ የግብ ልዩነት የሚባል ነገር አላቸው። ቡድናቸው −4 ላይ ሆኖ 3 ለ1 ካሸነፈ −2 መግባቱን ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ከማንም ቀድመው ይናገራሉ። ሰኞ ክፍል ውስጥ −4 + 2 ሲባሉ ግን −6 ይጽፋሉ።

ከፍታም አለን። ደሴ ከባህር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። ደሴ ላይ ዜሮ ብናስቀምጥ ኮምቦልቻ −650 አካባቢ ትሆናለች። ልጁ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት በሚኒባስ ስለወረደ ይህን በጆሮው ጭምር ያውቀዋል። ብዙ መጻሕፍት ይህን ትምህርት በቴርሞሜትር ይጀምሩታል። ከዜሮ በታች የሆነ ብርድ ከፍሪዘር ውጭ ያላየ ልጅ ከዚያ ምን ያገኛል?

ለዚህ ነው ሕጉ ይቆይ የምለው።

ተቃዋሚ፣ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ኮምቦልቻን ከዜሮ በታች ማድረግህን መዝግቤዋለሁ። እኛ ደግሞ ዜሮውን እዚህ እንተክልና ደሴን ሰማይ ላይ እናንጠለጥላታለን።

ደብተሩ ላይ ያሳየኸው ስህተት እውነት ነው። እኔም በየዓመቱ አርመዋለሁ። በምክንያቱ ግን አንስማማም። ልጁ የተሳሳተው ሕግ ስለተማረ አይደለም። የተማረው ሕግ ግማሽ ስለሆነ ነው። «ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ፖዘቲቭ» ሕግ አይደለም፤ የሕግ ቁራጭ ነው። ቁራጩን ሙሉ ማድረግ ሲገባን ወደ ሱቅ እንልከዋለን።

እስቲ ዱቤህን በዚህ ፈትናት፦ −4 − (−6)። 4 ብር ዕዳ ያለበት ሰው የ6 ብር ዕዳ ይሰረዝለት ማለት ነው። የሌለ ዕዳ እንዴት ይሰረዛል? ባለሱቁ እንኳ ይስቅብሃል። መልሱ ግን 2 ነው። የዱቤው ታሪክ መደመር ላይ አንደኛ ነው፣ መቀነስ ላይ ያነክሳል፣ ማባዛት ላይ ይወድቃል። ዕዳ በዕዳ ሲባዛ ምን የሚባል ነገር ነው?

ሌላም አለ። አንድ ቀን ዱቤ፣ አንድ ቀን ኳስ፣ አንድ ቀን የሐረጎ ቁልቁለት። ልጁ ጥያቄ ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያስበው «ይኼ የቱ ነው?» ብሎ ነው። ስሌቱ ሳይጀመር ታሪክ ሲመርጥ ይደክማል።

እኔ የማስተምረው አንድ ነገር ነው። መቀነስ ማለት ተቃራኒውን መደመር ማለት ነው። 12 − 17 ያው 12 + (−17) ነው። 3 − (−2) ያው 3 + 2 ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው መደመር ብቻ ነው። ምልክታቸው አንድ ከሆነ ደምርና ምልክቱን ያዝ። ከተለያየ ምልክቱን ለጊዜው ትተህ ትንሹን ከትልቁ ቀንስ፣ ከዜሮ የራቀውን ምልክት ስጠው። ከዚያ ልምምድ፣ አሁንም ልምምድ። ክፍሌ ውስጥ ያለው ተማሪ ብዙ ነው፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። አንተ አራት ልጅ ዙሪያህን አስቀምጠህ ስለ ሱቅ ታወራለህ፤ እኔ ከወንበር ወንበር እየዘለልኩ ነው የማርመው።

ደጋፊ፣ ከደሴ

መምህርት፣ −4 − (−6) ጥሩ ጥያቄ ናት። ዱቤው እዚህ ላይ እንደሚያነክስ አልክድም። ለዚህ የምጠቀመው ሌላ ነገር አለኝ፤ ወጪውም ባዶ ነው፦ ቆርኪ። የለስላሳ ቆርኪ ከየሻይ ቤቱ በር ይለቀማል።

ፊቱ ወደ ላይ የሆነው +1፣ የተገለበጠው −1 ይሁን። አንድ ቀና እና አንድ የተገለበጠ ጎን ለጎን ከሆኑ ተጣፍተው ዜሮ ናቸው። አሁን የእርስዎን ጥያቄ እንሥራ። አራት የተገለበጠ ቆርኪ ጠረጴዛው ላይ አለ። ስድስት የተገለበጠ አንሡ ተብለናል። አራት ብቻ ነው ያለው። ልጆቹ እዚህ ላይ ይቆማሉ። ይቁሙ፤ አትቸኩሉባቸው። ካልመጣላቸው «ዜሮ ብንጨምር ዋጋው ይለወጣል?» ብላችሁ ጣል አድርጉ። አይለወጥም። እንግዲህ ሁለት ጥንድ ጨምሩ፦ ሁለት ቀና፣ ሁለት የተገለበጠ። ጠረጴዛው ላይ ያለው አሁንም −4 ነው፣ የተገለበጡት ግን ስድስት ሆነዋል። ስድስቱን አንሡ። ሁለት ቀና ቆርኪ ቀረ።

ልብ በሉ፣ «መቀነስ ተቃራኒውን መደመር ነው» የሚለው የእርስዎ ሕግ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው የተወለደው። ኔጌቲቭ ለማንሣት ስንል ፖዘቲቭ ጨመርን። እርስዎ ሕጉን ሰጡት፤ እኔ ልጁ ራሱ እንዲያገኘው ነው የምፈልገው።

ደግሞ ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የጥንት ቻይናውያን በዘንግ ሲያሰሉ ቀዩን ለፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ለኔጌቲቭ ይጠቀሙ ነበር። ሕንዳዊው ብራህማጉፕታም በፈረንጆቹ 628 የኔጌቲቭ ቁጥሮችን ሕግ ሲጽፍ ፖዘቲቩን ሀብት፣ ኔጌቲቩን ዕዳ ብሎ ነው የጠራቸው። ማባዛቱም ቢሆን በዱቤ ይሠራል፦ ሦስት የ20 ብር ዕዳ ከተሰረዘልዎ በ60 ብር ተሻሉ። (−3) × (−20) = 60።

ተቃዋሚ፣ ከኮምቦልቻ

ቆርኪው ከዱቤው ይሻላል። ያንን እቀበላለሁ፤ ለመደመርና ለመቀነስ ብቻ።

ብራህማጉፕታን ካነሳህ ግን አስተውለው። ሀብትና ዕዳ ብሎ ስም ሰጣቸው እንጂ ማባዛት ላይ ሲደርስ ሕጉን ነው ያስቀመጠው፦ የሁለት ኔጌቲቮች ብዜት ፖዘቲቭ ነው። ስለ ባለሱቁ አልተረከም። ከዚያ ወዲህ ከሺህ ዓመት በላይ አልፎ፣ በ1758 ፍራንሲስ ማሴሬስ የተባለ እንግሊዛዊ ኔጌቲቭ ቁጥር ከአልጀብራ ይውጣ እስከማለት ደርሶ ጽሑፍ አሳተመ። ሰውየው የሒሳብ ብቻ ሳይሆን የሕግም ባለሙያ ነበር። ዕዳ ምን እንደሆነ ጠፍቶት ይመስልሃል? ያኔ አውሮፓ በብድርና በንግድ ተጥለቅልቃለች። ዕዳን ማወቅ ብቻውን ኔጌቲቭን የሚያስገነዝብ ቢሆን ኖሮ ጠቡ ያን ያህል ባልቆየ።

የሦስቱ ዕዳ መሰረዝም ለእኔ ብልሃት ናት። −20ን ዕዳ ብለሃል፣ −3ን ደግሞ «መሰረዝ» ብለሃል። አንዱ ምልክት በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሥራ ያዘ። ልጁ (−20) × (−3) ቢባል ሃያ ጊዜ ሊሰርዝ ነው?

ማባዛትን የማስተምረው እንዲህ ነው። ሰሌዳ ላይ ከላይ ወደ ታች እጽፋለሁ፦

(−2) × 3 = −6
(−2) × 2 = −4
(−2) × 1 = −2
(−2) × 0 = 0

እዚህ ላይ ጠመኔውን አስቀምጥና «መልሱ በስንት እየሄደ ነው?» እላለሁ። በ2 እየጨመረ ነው ይላሉ። «ቀጣዩስ?» (−2) × (−1)። ከኋላ የተቀመጠው ሳይቀር 2 ይላል። ከዚያ 4፣ ከዚያ 6። አንድም ብር አልተበደርንም። ከፈለጉ ማረጋገጫውም አለ፦ 3 + (−3) ዜሮ ነው፣ በ−2 ቢባዛም ዜሮ ነው። ያ ዜሮ −6 እና (−2) × (−3) ተደምረው የመጡት ነው። እንግዲህ ሁለተኛው 6 ካልሆነ ዜሮው ከየት ይመጣል?

ቁጥር የራሱ ሥርዓት አለው። 8ኛ ክፍል −2 × (ሀ − 5) ሲመጣ ልጁን የሚያድነው ይህ ሥርዓት ነው። ክልላዊ ፈተና ላይ ቆርኪ ይዞ አይገባም።

ደጋፊ፣ ከደሴ

ሰንጠረዡን ከእርስዎ ወስጄዋለሁ፤ ከነገ ጀምሮ እጠቀምበታለሁ። ማባዛት ላይ ከእኔ ዱቤ ይሻላል።

ነገር ግን ያ ሰንጠረዥ ሕግ ነው እንዴ? እርስዎም እኮ ሕጉን አልሰጡም። ጠመኔውን አስቀምጠው ልጆቹን ጠየቁ። ያ የእኔ መንገድ ነው፤ ቆርኪው ብቻ ነው የጎደለው። መደመርና መቀነስ ላይ ሲደርሱ ለምንድን ነው ታዲያ «ምልክቱ አንድ ከሆነ፣ ከተለያየ» ወደሚለው የሚቸኩሉት? በተለይ −3 − 5 ላይ። የመካከለኛዋን ሰረዝ «ሲቀነስ» ማለትና «ኔጌቲቭ» ማለት ለልጁ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ መልሱ ግን አንድ ነው። ይህን በቃል ብቻ ነግረነው ይገባዋል ብዬ አላምንም። ሦስት የተገለበጠ ቆርኪ ላይ አምስት የተገለበጠ ሲጨምር ግን +8 ብሎ የሚጽፍ ልጅ አላየሁም።

ልምምዱ ይብዛ፣ ችግር የለብኝም። አብሽር ብዬ አርባ ጥያቄም እሰጣለሁ። ሕጉ ሰሌዳ ላይ የሚወጣው ግን ልጆቹ −4 − (−6)ን በእጃቸው ከሠሩ በኋላ ይሁን።

ተቃዋሚ፣ ከኮምቦልቻ

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለቆርኪ እሰጥሃለሁ። ሁለተኛውንም ልስጥህ። ሦስተኛው ላይ ግን ሕጉን እጽፋለሁ፣ ሁሉም ቢገባውም ባይገባውም። አንዳንድ ልጅ ምክንያቱ የሚገባው ደጋግሞ ከሠራ በኋላ ነው፤ እሱን ስንጠብቅ ሬሾና ፐርሰንት ሳንነካ ሴሚስተሩ ያልቃል። ቆርኪውን ያልጨረሰ በእረፍት ሰዓት ይምጣና ይጨርስ፤ እኔም እቀመጣለሁ።