ሥዕሉን የሚስሉት ሰዎች የት ናቸው?

ወገን፣ ዛሬ ብሶቴን ልተንፍስ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እዚህ አሜሪካ ትልቅ ከሚባሉት የማንጋና የአኒሜ፣ ማለትም የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጻሕፍትና የካርቱን ፊልሞች፣ ፌስቲቫሎች አንዱ ላይ ነበርኩ። ስሙን አልጠራም። ማስታወቂያው ኢንዱስትሪውን ከውስጥ እናሳያችኋለን ይል ነበር፤ እኔም ቲኬት የቆረጥኩት ለዚህ ነው። ሥዕሉን ማን እንደሚሠራው፣ እንዴት እንደሚሠራው፣ በሥራውም እንዴት እንደሚኖር ከራሱ ከሠሪው አፍ ልሰማ ነበር። ያገኘሁት ገበያ ነው። ከዳር እስከ ዳር ገበያ!

ሰፊው አዳራሽ በሙሉ ለሻጮች ተሰጥቷል። ከጃፓን የመጣው አኒሜተር፣ የአኒሜ ሥዕል የሚስለው ሰው፣ ደግሞ ፎቅ ላይ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ይሄም ሳያንስ ንግግሩ የተያዘው ታች በቁጥር የተወሰነ ዕቃ መሸጥ በሚጀምርበት ሰዓት ነው። መተላለፊያው በሰልፈኛ ተዘግቶ እየተጋፋሁ ስደርስ "ሞልቷል" ተብሎ በሩ ተዘጋ። ውጭ የቀረነው ብዙ ነበርን። ገብተው የወጡትን ስጠይቃቸው፣ ግማሹ ጊዜ በማስተርጎም አለቀ አሉኝ። አንዲት ወጣት ተነስታ "ጀማሪ ስንት ይከፈለዋል?" ብላ ጠየቀች። አወያዩ ሰዓት አልቋል ብሎ ዘጋው።

እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ጥያቄ ነው። የኢንዱስትሪው ዋና ጥያቄ እኮ እሱ ነው!

አኒሜ በአንድ ሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም ተከታትሎ የሚታይ ነጠላ ምስል፣ አለው። ሁሉም አዲስ ሥዕል አይደለም፤ አንዱ ሥዕል ለሁለት ወይም ለሦስት ፍሬም ይቆያል። እንደዚያም ሆኖ የተከታታይ ፊልም አንድ ክፍል ብዙ ሺህ ሥዕል ይፈልጋል። ዋና ዋናዎቹን እንቅስቃሴዎች ልምድ ያላቸው ይስላሉ፤ በመሃል ያለውን የሚሞሉት ጀማሪዎቹ ናቸው። ክፍያቸው ብዙ ጊዜ በቁራጭ ነው፣ ለአንድ ሥዕል 200 የን አካባቢ። አንዳንዱ ሥዕል ደግሞ አንድ ሰዓት ይበላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብዓዊ መብት ባለሙያዎች በ2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ባወጡት ሪፖርት የጀማሪ አኒሜተር አማካይ የዓመት ገቢ 1.5 ሚሊዮን የን ገደማ እንደሆነ ጽፈዋል። በጊዜው ምንዛሪ 10 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። በዓመት! ቶኪዮ ላይ ቤት ተከራይቶ!

የኢንዱስትሪው ገበያ ግን በ2023 ከ3.3 ትሪሊዮን የን በላይ ነበር። ከግማሽ በላይ የመጣው ከጃፓን ውጭ ነው፤ ከእኛ ኪስ ማለት ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለእነዚህ ልጆች ነው።

ገንዘቡ የት ይገባል? አሠራሩን ያወቅኩት በግሌ አንብቤ ነው፤ ፌስቲቫሉ ላይ ያስረዳኝ ሰው የለም። አሳታሚው፣ ቴሌቪዥን ጣቢያው፣ አሻንጉሊት አምራቹና የሙዚቃ ኩባንያው ተሰብስበው ኮሚቴ ያቋቁሙና ገንዘብ ያዋጣሉ። መብቱም ትርፉም በየድርሻቸው የእነሱ ነው። አኒሜውን የሚሠራው ስቱዲዮ የሚያገኘው የመሥሪያ ዋጋ ነው፤ ድርሻ ካላዋጣ ሥራው ዓለምን ቢያዳርስም ከትርፉ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የለም። ከስቱዲዮው በታች ያለው በቁራጭ የሚስለው ልጅማ ከየት ያገኛል? እኔ ለፕላስቲክ ምስል ስንት ዶላር ብከፍል ያንን ፊት በእጁ ለሳለው ሰው ሳንቲም ላይደርሰው ይችላል።

ብዙዎች የዝቅተኛውን ክፍያ ነገር ታዋቂው የጃፓን ማንጋ ሠዓሊ ኦሳሙ ቴዙካ ላይ ይጥሉታል። በ1963 ለቴሌቪዥን በየሳምንቱ የሚተላለፍ ሥራውን በርካሽ ስለሸጠ ዋጋው በዚያው ቀረ ይላሉ። እኔ አይዋጥልኝም። ከ60 ዓመት በፊት የተደረገ ውል ዛሬ በትሪሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ለሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ምክንያት ሊሆን አይችልም። ደግሞም ከፈለጉ ይቻላል። ኪዮቶ አኒሜሽን የሚባለው የጃፓን ስቱዲዮ ሠራተኞቹን በቋሚ ደመወዝ ቀጥሮ፣ ራሱ አሠልጥኖ ነው ስም ያተረፈው። በ2019 ስቱዲዮው በእሳት ተቃጥሎ 36 ሰው ሲሞት ከመላው ዓለም ገንዘብ ተዋጣ። አድናቂው ለሚስሉት ሰዎች ይጨነቃል። የሚያሳየው አጥቶ ነው እንጂ።

ወደ ገበያው ልመለስና፣ እዚያም የሚያናድድ ነገር ሞልቷል። በቁጥር የተወሰነውን ዕቃ ማን ወሰደው? አየር በአየር ነጋዴው! ስልኩ ላይ የዋጋ ዝርዝር ከፍቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተከፋፍሎ ተሰልፎ፣ በካርቶን እየጫነ ይወጣል። በዚያው ምሽት ዕቃው ኢንተርኔት ላይ በብዙ እጥፍ ተሰቅሎ አየሁት። ከፊቴ አንድ ትንሽ ልጅ ነበር፣ የሚወደውን ገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሶ፣ የአባቱን እጅ ይዞ። ተራው ሲደርስ አልቋል አሉት። ልጁ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ብሎ መገደብ ምን ይከብዳል?

በግላቸው የሚስሉ ወጣቶች ደግሞ መውጫው አጠገብ ጥግ ላይ ተደርድረዋል። ለጠረጴዛ ኪራይ ይከፍላሉ፣ ለሆቴል ይከፍላሉ፣ ለኅትመት ይከፍላሉ። እዚያ መሃል በአማርኛ የምታወራ ልጅ ሰምቼ ዞር አልኩ። ሹሩባ የተሠሩ፣ የሐበሻ ቀሚስ የለበሱ ተዋጊ ሴቶችን በማንጋ አሳሳል ስላቸዋለች። እጇ ወርቅ ነው! ገበያ እንዴት ነው ስላት "የጠረጴዛውን እንኳ ገና አልመለስኩም፣ ጋሼ" አለችኝ። ከጎኗ ያለው ሰውዬ በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የተፈበረከ ሥዕል በግማሽ ዋጋ ይቸበችባል። የእሷ አንድ ሥዕል የሳምንት ሥራ ነው። አዘጋጆቹ ይሄን አይተው ያልፋሉ።

ሰልፍ ጠልቼ አይደለም። ቶኪዮ ውስጥ በ1975 የተጀመረውን፣ በግላቸው የሚስሉ ሰዎች ሥራቸውን የሚሸጡበትን ኮሚኬትን እዩት። ሲነሳ 32 የሠዓሊዎች ቡድንና 700 ሰው አካባቢ ነበር። በ2019 በጋ ላይ በአራት ቀን ከ700 ሺህ በላይ ጎብኚ ተቆጥሯል። ሰዉ በነሐሴ ሙቀት ለሰዓታት ይሰለፋል። ግን ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ራሱ የሳለው ሰው ነው። ገንዘቡን በእጁ ትሰጠዋለህ፣ ስለ ሥራው ትጠይቀዋለህ። እዚያ ደንበኛ የሚባል የለም፣ ሻጩም ገዢውም ተሳታፊ ነው የሚል መርህ አላቸው። እንዲህ ላለው ሰልፍ ቀኑን ሙሉ እቆማለሁ።

አዘጋጆቹ የአስተያየት ቅጽ ልከውልኝ ሞልቼዋለሁ። ትልቁን አዳራሽ ለሚስሉት ስጡ፣ ንግግራቸውን ከሽያጭ ሰዓት ጋር አታጋጩ፣ ለአስተርጓሚ የሚሆን ጊዜ ጨምሩ፣ በማሽን የተፈበረከውን ከሠዓሊዎቹ ጠረጴዛ አስወጡ ብያለሁ። የዚያችን ወጣት ጥያቄም እንዳለ ጽፌዋለሁ፤ ጀማሪ ስንት ይከፈለዋል? ፌስቲቫሉ ላይ የነበራችሁ ካላችሁ እናንተም ጻፉላቸው። ቅጹ እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍት ነው።