ሆድ ይፍጀው ለሚል ልጅ የሚደወልበት ቁጥር

ጎንደር ውስጥ ከቤታችን ጀርባ ካሉት የኪራይ ክፍሎች አንዱን ሦስት ተማሪዎች ይዘውታል። ከደንቢያ ገጠር የመጡ ናቸው። ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፣ እሁድ ማታ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። አንድ ሌሊት ከሦስቱ አንዱ ግቢው ውስጥ ብቻውን ሲንጎራደድ አገኘሁት።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ምንም ጋሼ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው።»

አልለቀቅኩትም። ቆይቶ «አሳብ ነው፤ በቃ ሆድ ይፍጀው» አለኝና ገባ። ጠዋት ሆስፒታል ልውሰድህ ስለው ደነገጠ። በር ላይ አንድ የአገሩ ሰው ካየው «ልጅሽ አብዷል» የሚል ወሬ እሱ ሳይደርስ እናቱ ዘንድ ይደርሳል። የፈራው ይህንን ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እኔም ስንት ጊዜ ብያለሁ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ግን አባባሉ ሁሉንም ጥፋት ልጁ ላይ የሚጥል እየመሰለኝ ነው። ለማን ይንገር? ለአከራይ? ለአስተማሪ? 60 ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከ7ቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ይህ የዓለም ቁጥር ነው። እኔ ግን ቁጥሩን ስሰማ የሚታዩኝ እዚሁ ያሉት ናቸው። ፒያሳ ላይ ጫማ የሚጠርገው ልጅ። በሰው ቤት ተቀጥራ ከወጥ ቤት የማትወጣው ልጅ። ሰሊጥ ለማጨድ መተማ ወርዶ ወባና ድካም ይዞ የሚመለሰው ሳሉግ፣ ማለትም የወቅት ሠራተኛው። ከቀዬው ተፈናቅሎ ዘመድ ቤት የተጠጋው። በየደብሩ ያለው የቆሎ ተማሪ። እነዚህ ልጆች የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚባል ሰው መኖሩን እንኳ የሚነግራቸው የለም።

የሚያንገበግበኝ ጎንደር ባለሙያ ያላት ከተማ መሆኗ ነው። ዩኒቨርሲቲው የሳይካትሪ፣ ማለትም የአእምሮ ሕክምና፣ ትምህርት ክፍል አለው። ከአማኑኤል ሆስፒታል ጋር ሆኖ በአእምሮ ጤና በማስተርስ ደረጃ ሲያስተምር ቆይቷል። ከዚህም በላይ ታሪክ አለን። ወባ ደንቢያን ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. እዚህ የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ያሠለጠነው የጤና መኮንን፣ የኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ጽዳት ባለሙያ) ነበር። ሦስቱ አንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይሄዱ ነበር። በሽተኛው እስኪመጣ ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ያ አሠራር ለአእምሮ ጤናም መድረስ አለበት። ዛሬ መንገዱን ሊያሳጥርልን የሚችለው ደግሞ ስልክ ነው።

ስልክ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ መተግበሪያ እንሥራ ይላል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ከቆጠርኳቸው ልጆች ስንቶቹ ተች ስልክ አላቸው? ያላቸውስ ካርድ የሚሞሉት መቼ ነው? ደግሞ የደረሰብንን አንርሳ። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራትም አልተመለሰም። ልጆቹ በጣም የፈሩበት ጊዜ ያ ነበር። የሚረዳቸው አገልግሎት በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ አብሮ ይጠፋ ነበር።

ስለዚህ ድምፅ ይቅደም እላለሁ። በባለ ቁልፍ ስልክ የሚደወል፣ የማያስከፍል አጭር ቁጥር። ይህን ለማድረግ ከውጭ መኮረጅ አያስፈልገንም። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028ን ሲጀምር ገበሬው ቁልፍ እየተጫነ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ በነጻ፣ በሚገባው ቋንቋ መስማት ጀመረ። ማንበብ የማይችለውም ይሰማ ነበር። ስለ ጤፍ በስልክ መምከር ከተቻለ እንቅልፍ ላጣ ልጅ እንዴት አይቻልም?

ልዩነት እንዳለው አውቃለሁ። ስለ ማዳበሪያ የተቀዳ ድምፅ ይበቃ ይሆናል። ልቡ ለተሰበረ ልጅ የተቀዳ ድምፅ ብቻውን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሊባኖስ ጤና ሚኒስቴር ጋር ድብርት ላለባቸው ሊባኖሳውያንና ለሶርያ ስደተኞች በስልክ የሚሠራ ፕሮግራም አዘጋጅቶ ነበር። ፕሮግራሙ ብቻውን አልተተወም። ሐኪም ያልሆነ ግን የሠለጠነ ሰው በየሳምንቱ ለ15 ደቂቃ ያህል ደውሎ ወይም ጽፎ ይከታተላቸው ነበር። ብዙዎቹም ቀለል አላቸው። እኛም ጋ ቁልፉን ተጭኖ የሚደርሰው ሰው ጋ መሆን አለበት። ስለ ሞት የሚያስብ ልጅ ከሆነ ደግሞ አንድም ደቂቃ ማሽን ሊያናግረው አይገባም። ወዲያው ባለሙያ ይያዘው።

አሁን ስለ ቋንቋው ልናገር፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከውጭ የተተረጎመ መጠይቅ «የመደበት ስሜት ተሰምቶሃል?» ይላል። ማን እንዲህ ያወራል? የኛ ልጅ «ከፋኝ» ይላል። «ጨነቀኝ» ይላል። «ልቤ አልረጋ አለኝ»፣ «አሳብ ገደለኝ»፣ «ቀፈፈኝ» ይላል። ሴቷ ልጅ «ሆዴ ባባ» ትላለች። ማሽኑ ይህን ሰምቶ ወደ ሆድ ሕመም ቢወስዳትስ? «ደበረኝ» ደግሞ በከተማ ልጅ አፍ ሥራ መፍታትም ነው፣ መኖር መጥላትም ነው። የቱ እንደሆነ የሚለየው በድምፁ ነው፤ ያንን የሚለይ ጆሮ ያለው ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚቀዳው መልእክት ከመቀዳቱ በፊት የፒያሳ ሊስትሮዎችና የአዘዞ ተማሪዎች ይስሙት። አይ፣ እንዲህ አንልም ካሉ ይለወጥ።

ስልኩን የሚመልሰው ሰው ጸበልን የሚንቅ መሆን የለበትም። ልጁ እናቱ ጸበል እንደወሰደችው ሲናገር ቢሳቅበት ስልኩን ይዘጋል። ከጸበሉም ከሕክምናውም ሳይለይ ሊረዳ ይችላል።

ሌላው ምስጢር ነው። በሰው ቤት የምትሠራዋ ልጅ የምትደውለው በእመቤቷ ስልክ ሊሆን ይችላል። መልእክት ቢመጣ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ሚስኮል ታድርግ፤ ተመልሶ ሲደወልላት መጀመሪያ «አሁን ማውራት ትችያለሽ?» ትባል። ካልቻለች ሰዓት ትምረጥ። የጽሑፍ መልእክት አይላክላት። ስም ግዴታ አይሁን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃ በጥንቃቄ እንዲያዝ ሕጉ ያስገድዳል። ይህን ለደዋዩ በሁለት ቀላል ዓረፍተ ነገር መንገር ይቻላል። ያን ተማሪ እንዲህ ያለ ቁጥር ቢኖር ትደውል ነበር ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። «ስሜን ካልጠየቁኝ» አለኝ።

ተች ስልክ ላላቸው ቴሌግራም ይጨመር፤ የድምፅ መልእክት መላክ የሚወዱ ብዙ ናቸው። መሠረቱ ግን ያ አጭር ቁጥር ይሁን።

ጥያቄዬ ለክልሉ ጤና ቢሮ፣ ለዩኒቨርሲቲውና ለኢትዮ ቴሌኮም ነው። ትልቅ ፕሮጀክት አልጠይቅም። ጎንደር ላይ ሁለት ክፍል፣ ጥቂት የሳይካትሪ ነርሶች፣ ከእነሱ ሥር በተራ የሚሠሩ የሠለጠኑ ወጣቶች። ሰዓቱ ከምሽቱ 1 እስከ 5 ይሁን፤ ሊስትሮው ቀን ሥራ ላይ ነው፣ የቤት ሠራተኛዋም ዕቃ አጥባ የምትጨርሰው ያኔ ነው። ከበድ ያለ ችግር ያለበት ልጅ ሲገኝ ነርሷ ቀጠሮ ይዛለት እሷው በር ላይ ትቀበለው፤ ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ተሰልፎ ስሙ እየተጠራ አይጠብቅ። ቁጥሩ ደግሞ በባጃጆች ጀርባ፣ በቅዳሜ ገበያ ስልክ ቻርጅ በሚደረግባቸው ሱቆችና በመተማ መኪና መሳፈሪያ ይለጠፍ። ልጆቹ ያሉት እዚያ ነው።