ደንገል ወይስ ማሽን? ክርክር

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «በባሕር ዳር የጣና ዳርቻ ያሉ ሆቴሎች ፍሳሻቸውን በማሽን ሳይሆን ደንገል በተተከለበት ሰው ሠራሽ ረግረግ ያጣሩ።» ደጋፊው የባዮሎጂ መምህር፣ ተቃዋሚዋ የፍሳሽ መሐንዲስ ናቸው።

መምህሩ፦ ሰው የሚያየው ደንገሉን ነው፤ ሥራው ያለው ከሥር ነው። ፍሳሹ ከሚያልፍበት፣ ደንገሉ ከተተከለበት የጠጠር አልጋ አንድ ጠጠር አንስታችሁ በጣታችሁ ብታሹት የሚያሙለጨልጭ ስስ ሽፋን ታገኛላችሁ፤ የባክቴሪያው ሰፈር እሱ ነው። ናይትሮሶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ በፍሳሹ ያለውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ሌላው ባክቴሪያ፣ ናይትሮስፒራ፣ ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል፤ አየር በማይደርስበት ጥግ ያሉት ደግሞ ናይትሬቱን ናይትሮጅን ጋዝ አድርገው ይለቁታል። ጀርመናዊቷ ኬተ ዛይደል በእጽዋት ፍሳሽ ማጣራትን የሞከሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። እኛ የደንገል አገር ሰዎች ዛሬም ማሽን እንለምናለን። ባክቴሪያ መብራት ጠፋ ብሎ ሥራ አይፈታም፤ ደመወዝም አይጠይቅም።

መሐንዲሷ፦ ደመወዝ አይጠይቅም! ኦክስጅን ግን ይጠይቃል። አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ናይትሬት እስኪሆን ከ4 ግራም ተኩል በላይ ኦክስጅን ይፈጃል። ውሃ ጠጠሩን ሞልቶ በአግድም በሚሄድበት አልጋ ይህ ከየት ይመጣል? የደንገል ሥር የሚሰጠው እፍኝ አይሞላም። ፎስፈረስስ? እሱን ጋዝ አድርጎ የሚገላግለን ባክቴሪያ የለም። ጠጠሩ እስኪጠግብ ይይዘዋል፤ ከዚያ ወደ ጣና ነው፤ እዚያ በፎስፈረስ የሚፋፋው እምቦጭ አረም አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

መምህሩ፦ እኅቴ፣ ስለ ቋሚው አልጋ ያልሰሙ ይመስላሉ። ፍሳሹ በየተራ ከላይ እየፈሰሰ ወደ ታች ሲሰርግ ጠጠሩ በመካከል አየር ይስባል፤ አሞኒያው እዚያ ይለወጣል፤ የቀረውን አግድሙ ይቀበላል። አውሮፓ በበረዶ ወራት የሚሠራ ነገር በባሕር ዳር ሙቀት አይሠራም ማለት ድፍረት ነው።

መሐንዲሷ፦ «እኅቴ»ን ለቤትዎ ያቆዩልኝ፤ እዚህ የቆምኩት በሙያዬ ነው። በየተራ የሚያፈስሰው ማን ነው? ፓምፕ ከሆነ ያው መብራት ነው። ያለ መብራት ውሃ የሚያወርደው ቧንቧ፣ ሳይፎን፣ ከሆነ የከፍታ ልዩነት ይፈልጋል፤ የሐይቁ ዳር ደግሞ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሜዳ ነው። የሴፕቲክ ታንኩን ደለል ማን ያስመጥጣል? የወጥ ቤቱን ቅባት ማን ያወጣል? ካልወጣ ጠጠሩ ይደፈንና ፍሳሹ በላይ ይሄዳል። ደንገሉም ካልታጨደ እዚያው በስብሶ የያዘውን ይመልሳል። ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰው ደመወዝ ይጠይቃል። ስለ ፎስፈረሱም መልስ አላየሁም።

መምህሩ፦ ከጻፍኩት ሁሉ አንዲት «ደመወዝ» ይዘው ሙጭጭ አሉ። የእርስዎ ማሽን ሰው አይፈልግምን? አየር የሚነፋው ሞተር የቆመ ዕለት በታንኩ ያለው ባክቴሪያ ታፍኖ መንደሩ ይከረፋል። አጨዳውን ተማሪዎቼ በተግባር ትምህርት ያከናውኑታል።

መሐንዲሷ፦ አሁን ተገለጠልኝ፤ ደመወዝ የማይጠይቁት ባክቴሪያዎቹ ሳይሆኑ ተማሪዎችዎ ናቸው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋስ? ደግሞስ ልጁን የሆቴል ፍሳሽ ውስጥ የሚያሰማራ ወላጅ ማን ነው? እኔ ማሽን ይተከል አላልኩም። ተጠያቂ ሠራተኛ ሳይመደብ አልጋው አይቆፈር ነው ያልኩት።

መምህሩ፦ ይህን መቼ አሉ? ሲጀምሩ ኦክስጅን የለም ነበር። ተማሪዎቼንም ለቀልድ አያንሱብኝ፤ ቦትና ጓንት ሳያደርጉ አላስገባቸውም። ሠራተኛ ይቀጠር ካሉ ይቀጠር፤ ሆቴሉ ይክፈል። ከጄኔሬተር ነዳጅ ይረክሳል።