ይድረስ ደጄ ላይ ለተንጣለልከው የተቃጠለ የሞተር ዘይት

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔማ ባንተ ጦስ ትናንት የሰው መሳቂያ ሆኜ ዋልኩ።

አቤቱታ ይዤ ቢሮ ሄድኩ። የሰልፉን ነገር አንባቢ ያውቀዋል፣ ልለፈው። ተራዬ ሲደርስ ቅጽ ተሰጠኝ። ስም፣ አድራሻ፣ የፈሰሰው መጠን በሊትር (መሬት የጠጣውን በምን ልስፈረው?)፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ "የደፋው ሰው ፊርማ"። በጨለማ ደፍቶህ የጠፋውን ሰው ፊርማ! እሱን ባገኘው መች ቅጽ እሞላ ነበር? ይህንኑ ብነግረው ቅጹን የሰጠኝ ሰውዬ ወንበሩ ላይ ለጠጥ አለና ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ "እርስዎ ሳይንስ አልተማሩም እንዴ? ባክቴሪያ ይበላዋል! ቤትዎ ሄደው ይጠብቁ" አለኝ። ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። አንዱማ "ሹካ ያቅርቡለት!" አለ።

መብላቱንስ ይበላል። አልካኒቮራክስ የሚባል የባሕር ባክቴሪያ አለ፣ ቀለቡ ዘይት ነው። ግን ዝም ብሎ አይደለም። በ1989 እ.ኤ.አ. ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ 40 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ድፍድፍ ነዳጅ ስትደፋ፣ እዚያው ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እንዲያገኙ ብለው ዳርቻው ላይ ማዳበሪያ ረጩ። ያም ሆኖ አየር እንደ ልብ በማይደርስበት ከድንጋይ ሥር የቀረው ነዳጅ ከ20 ዓመት በኋላም እዚያው ተገኝቷል። እንዳንተ አፈር ውስጥ ለገባ ደግሞ አፈሩ መገልበጥ አለበት፣ መርጠብ አለበት፣ ማዳበሪያ ያስፈልገዋል፣ ከዚያ ወራት ይጠበቃል። ማን ይገልብጠው? ባክቴሪያ አካፋ አይዝ!

በጠርሙስ ዘይት በላ ባክቴሪያ ካልሸጥኩልህ የሚለኝም አለ። ተወኝ በሉልኝ።

ጫማዬን ያበላሸህብኝን ይቅር ብያለሁ። ከሞተር ፍቀህ ያመጣኸውን ብረትስ? እሱን የትኛውም ባክቴሪያ አፍርሶ አያጠፋውም፤ ቢበላም ቢጠጣም ብረት ብረት ነው። ልጆች የሚጫወቱት እዚህ አፈር ላይ ነው! ዝናብ ሲጥል ውሃው ላይ ቀለም ሠርተህ ስትንሳፈፍ አምሮባቸው እጃቸውን ይነክሩብሃል! የደፋ ሰው አለ፣ የሚጠየቅ ሰው ግን የለም። ጭራሽ በዓይን ለማትታይ ፍጡር ሥራ ሰጥተው እኔ ላይ ይስቃሉ።

ነገ ተመልሼ እሄዳለሁ። አፈሩ በማን ወጪ እንደሚነሳ በጽሑፍ ይመለስልኝ እላለሁ። ካንተም አንድ ጆንያ ዝቄ ይዤ ነው የምሄደው። ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጥለትና እሱም ቁጭ ብሎ ይጠብቅ።