አባ ፎርሜሽን

ጅማ ላይ ንጉሥ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። አባ ጅፋርም የፈረስ ስም ነው። ፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣ ዲኤስቲቪ ቤት ኳስ ለማየት የምንሰበሰበው እኛ ግን ፈረስ ስለሌለን በየአመላችን ተጠራርተናል። አጠገቤ የሚቀመጠው፣ የቡድን አሰላለፍ ሳያወራ የማይውለው፣ አባ ፎርሜሽን ይባላል።

ባለፈው ቅዳሜ አሰልጣኙ 63ኛው ደቂቃ ላይ የክንፍ ተጫዋቹን አስወጥቶ አማካይ አስገባ። አባ ፎርሜሽን ሻዩን እንደያዘ «ይሄ ሰውዬ ተገዝቷል!» ብሎ ጮኸ። አራት ደቂቃ ሳይሞላ ኳሷ የገባውን ልጅ ጀርባ ነክታ መረብ ላይ አረፈች። ልጁ ራሱ አላያትም። አባ ፎርሜሽን ግን ብድግ አለ። «ብዬ አልነበር! አሰልጣኝ ማለት እንዲህ ነው!» ሻዩ ተደፋ። ሱሪዬ ላይ።

ዳኝነታችን ይኸው ነው። ኳሷ ከገባች ሰውየው ሊቅ፣ ቋሚ ከመለሳት «ያባርሩልን!»። የእንግሊዙን ሌስተርን በ2016 እ.ኤ.አ. ሻምፒዮን ያደረገው ክላውዲዮ ራኒየሪ በዘጠኝ ወሩ ተሰናበተ። ሰው በዘጠኝ ወር ይወለዳል፤ እሱን ቀበሩት።

ሩቅ ምን አስኬደን። የከተማችን ቡድን ጅማ አባ ጅፋር የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በገባበት ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫ በላ። አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበር። በዓመቱ መቐለ 70 እንደርታ ሄዶ እዚያም ዋንጫ አነሳ። «ተጫዋቾቹ ናቸው እንጂ እሱ ምን አደረገ?» ሲል የከረመ ሁሉ አፉን ያዘ። የኛ ቡድን በ2014 ወረደ። ኮከብ ግብ አግቢው ኦኪኪ አፎላቢም ስለሄደ፣ ጥፋቱን ሁሉ ተከትለው በመጡት አሰልጣኞች ላይ መደፍደፍ ግፍ ነው። የሽሮ ገንዘብ ሰጥተህ ዶሮ ወጥ የት አለ አይባልም።

እኔ ታዲያ ደብተር ገዛሁ። ቅያሬ ሲደረግ፣ የገባው ልጅ ኳስ ሳይነካ፣ ሁሉም «ትክክል» ወይም «ስህተት» ብሎ ይፈርማል። እሁድ ጀመርን። አንድ ለዜሮ እየመራን፣ 80ኛው ደቂቃ ላይ አሰልጣኙ አጥቂ አውጥቶ ተከላካይ አስገባ። ከ14 ሰው 11ዱ «ትክክል» አለ። አባ ፎርሜሽን እንዲያውም ከስሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ጭማሪ ሰዓት ላይ ገባብን።

ቤቱ ተናጋ። «አጥቂ ይወጣል እንዴ! ይሄ ደንቆሮ!» ከሁሉ የሚበልጠው የአባ ፎርሜሽን ድምፅ ነበር። ደብተሩን ገልጬ ፊቱ ዘረጋሁለት። መነጽሩን አጠለቀ። ፊርማውን እንደ ባንክ ሠራተኛ አገላብጦ አየው።

«የኔ ነው» አለ። «ግን ስፈርም 93ኛውን ደቂቃ መች አየሁና?»

«አሰልጣኙስ አይቶ ነበር?»

ደብተሩን ዘግቶ መለሰልኝ።

«እሱ ደሞዝ ይበላል፣ ወንድሜ!»