የሁለተኛውን ኖድ ሎግ ማን ያያል?

ሰሞኑን አንድ የሙያ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የአንድ የፋይናንስ ተቋም የአይቲ ኃላፊ ማይክ ያዙና፣ ዲቢኤዎቻቸው (የዳታቤዝ አስተዳዳሪዎቻቸው) በየጠዋቱ የስታንድባዩን፣ ማለትም የመጠባበቂያውን ዳታቤዝ፣ ሎግ (የለውጦች መዝገብ) ከዋናው ዳታቤዝ ጋር የሚያመሳክሩበትን አሠራር ማስቀረታቸውን ነገሩን። «ጊዜ ማባከን ነው። ስታንድባዩ ከተቋረጠ ሲስተሙ ራሱ ይጮሃል» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ነገሩ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ሲስተሙ አይጮህም። ሎጉን ከዋናው ወደ ስታንድባዩ የሚያደርሰው የኦራክል ሶፍትዌር፣ ዳታ ጋርድ፣ ካልነኩት በቀር የሚሠራው «ማክሲመም ፐርፎርማንስ» በሚባለው ሞድ ነው። በዚህ ሞድ ዋናው ዳታቤዝ ስታንድባዩን አይጠብቅም። መንገድ ሲቆፈር ፋይበሩ ተበጥሶ ስታንድባዩ ድምፁ ቢጠፋ፣ ኤቲኤሙ ይከፍላል፣ ሞባይል ባንኪንጉ ይሠራል፣ ቅርንጫፉ ወረፋውን ያስተናግዳል። የስህተት መልዕክቱ አለርት ሎግ በሚባለው የዳታቤዙ የመልዕክት ፋይል ውስጥ ይጻፋል። በቃ። እሱን የሚያነብ ሰው ከሌለ ጩኸቱ የታለ? «ማክሲመም ፕሮቴክሽን» የሚባል ሞድም አለ፣ አውቃለሁ። እሱ ሎጉን ለስታንድባይ ማድረስ ካቃተው ዋናውን ዳታቤዝ ይዘጋዋል። ይህን ሞድ አብርቶ የሚያድር ባንክ አሳዩኝና ቃሌን እመልሳለሁ።

ለምን እንደዚህ እንዳንገበገበኝ ልናገር። ከዓመታት በፊት የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ባለ ሁለት ኖድ ክላስተር ነበረው፤ ሁለት ሰርቨሮች (ኖዶች) አንድ ዳታቤዝ አብረው ያሠራሉ ማለት ነው። ስታንድባዩ ሌላ ሰፈር ነው። ክላስተር ውስጥ እያንዳንዱ ኖድ የራሱን ሎግ ይጽፋል። ኖድ 1 ትሬድ 1፣ ኖድ 2 ትሬድ 2 ይባላል። ቁጥራቸው ለየብቻ ነው የሚሄደው። የኛ አንደኛው 48 ሺህ ገደማ ሲደርስ ሁለተኛው ገና 31 ሺህ ላይ ነበር።

የክትትል ስክሪፕታችን ግን ትሬድ የሚባል ነገር አያውቅም። ዋናው ላይ ትልቁን የሎግ ቁጥር ያመጣል፤ ስታንድባዩ ላይ ትልቁን ያመጣል፤ ይቀንሳል። ልዩነቱ 1 ወይም 2 ከሆነ ስክሪኑ አረንጓዴ ይሆናል። ትልቁ ቁጥር ሁልጊዜ የኖድ 1 ነው። ስለዚህ ኖድ 2 ቢሞትም ስክሪኑ አረንጓዴ ነው።

አንድ ቅዳሜ ማታ የሲስ፣ ማለትም የዳታቤዙ ዋና አስተዳዳሪ አካውንት፣ ፓስወርድ ተቀየረ። ኖዶቹ ሎግ ሲልኩ ስታንድባዩ የሚቀበላቸው በዚህ ፓስወርድ ነው። አዲሱ የፓስወርድ ፋይል ከኖድ 1 ወደ ስታንድባዩ ተቀዳ። ኖድ 2 ላይ አሮጌው ቀረ፤ ማንም አላስታወሰውም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ኖድ 2 አንድም ሎግ መላክ አልቻለም። አርካይቩን (ጽፎ የጨረሳቸውን ሎጎች ቅጂ) በራሱ ዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጥ ኖድ 1ም ሊልክለት አልቻለም። እሁድን ሙሉ ስክሪኑ አረንጓዴ ነበር።

ያገኘችው አንዲት ጀማሪ ዲቢኤ ናት። ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ የታተመበት ተራ የተማሪ ደብተር ነበራት። በየቀኑ ለእያንዳንዱ ትሬድ ሁለት ቁጥር ትጽፋለች፤ ስታንድባዩ ጋ የደረሰውን አንድ፣ አፕላይ የተደረገውን (ስታንድባዩ ዳታው ላይ ያዋለውን) አንድ። እሁድ ተረኛ ስለነበረች ያንንም መዝግባለች። ሰኞ ጠዋት ደብተሩን ይዛ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። «ጋሼ፣ ትሬድ 2 ከትናንት አልተነሳም። ትሬድ 1ም እየደረሰ ነው እንጂ አፕላይ አይሆንም።» ልክ ነበረች። ስታንድባይ የሁለቱን ኖድ ሎግ በቅደም ተከተል እያሰናሰለ ነው አፕላይ የሚያደርገው። የአንዱ ሎግ ከጎደለ ሌላውም ይቆማል። ስታንድባያችን ቅዳሜ ማታ ላይ ቆሞ ነበር። ሌሊት ዋናው ዳታቤዝ ቢወድቅ ኖሮ የእሁድ ገቢና ወጪ ሁሉ ስታንድባዩ ላይ አይገኝም።

አሁንም ሲታወሰኝ የሚያስደነግጠኝ ሌላ ነው። የአርካይቭ ማጽጃው ስክሪፕት 2 ቀን የሞላውን ፋይል ያጠፋል። ሰኞ ማታ የኖድ 2ን ሎግ መጥረግ ይጀምር ነበር። ከዚያ ወዲያ የጎደለውን ሎግ ቀድቶ መሙላት የለም። ደብተሩ ነው ያዳነን። ኃላፊው «ጊዜ ማባከን» ያሉት ይህን ደብተር ነው።

«አውቶሜት ይደረግ» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የኛም ስክሪፕት እኮ አውቶማቲክ ነበር! ጊትላብ በሚባለው የሶፍትዌር ኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት ላይ ጥር መጨረሻ 2017 እ.ኤ.አ. የደረሰውን ያስታውሱ። ስታንድባዩ በሥራ ጫና ወደ ኋላ ቀረ። የሚፈልገውን ሎግ ዋናው ቀድሞ አጥፍቶታል። ስታንድባዩን እንደገና ለመገንባት ሲታገል የነበረ ኢንጂነር በስህተት የዋናውን ዳታ ሰረዘ። ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ብቻ ነበር። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ ባዶ ሆኖ አገኙት። ባክአፑ በየጊዜው ሲከሽፍ ማስጠንቀቂያ በኢሜይል ይላክ ነበር፤ ግን ኢሜይሎቹ በተቀባዩ ሰርቨር ውድቅ ስለሚደረጉ ማንም ጋ አልደረሱም። የ6 ሰዓት ያህል ዳታ እንደወጣ ቀረ። ማሽኑ ጮሆ ነበር። የሰማው የለም።

ዳሽቦርዱስ? ዳታ ጋርድ ስታንድባዩ በስንት ሰከንድ ወደ ኋላ እንደቀረ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለው። ቁጥሩ 0 ከሆነ ሁሉ ሰላም ይመስላል። አጠገቡ «ዳተም ታይም» የሚባል ዓምድ አለ። ቁጥሩ የተሰላበት መረጃ ስታንድባዩ ጋ መቼ እንደደረሰ ይናገራል። ሰዓቱ ካልተንቀሳቀሰ ስታንድባዩ ከዋናው ምንም እየሰማ አይደለም፤ ያ 0 የድሮ ነው። ይህን ዓምድ ስክሪኑ ላይ ያወጣ ዳሽቦርድ እኔ እስካሁን አላየሁም።

«መስመር ቢቋረጥ ለደቂቃ ነው» የሚሉም አሉ። ሌላው የኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት ጊትሀብ በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. መስመሩ የተቋረጠው ለ43 ሰከንድ ነበር። በሁለቱ የአሜሪካ ጠረፎች ያሉት ዳታቤዞቹ ተለያዩ፤ አንዱ ጋ የተጻፈው ሌላው ጋ የለም። አገልግሎቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ከ24 ሰዓት በላይ ፈጀ።

አንድ ዲቢኤ አራት ቁጥር ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ይህን ቆጥቦ የሚገኝ ትርፍ የለም። የሰው ገንዘብ ይዘን፣ የሰው ደሞዝ ይዘን፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ከበደን ማለት ነውር ነው።

ኃላፊው ይህን ካነበቡ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ነገ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ፣ ቡና ሳይጠጡ፣ ወደ ዲቢኤዎቹ ክፍል ይሂዱ። «ትሬድ 2 ስታንድባዩ ላይ መጨረሻ አፕላይ የተደረገው ሎግ ቁጥሩ ስንት ነው? ትናንት በዚህ ሰዓትስ ስንት ነበር?» ብለው ይጠይቁ። «አረንጓዴ ነው» የሚል መልስ ከሰጧቸው፣ ያስቀሩትን ሥራ በዚያው ጠዋት ይመልሱት።